ባለባጃጁ «ወዴት ነው?» ሲል ምን እየሸሸ ነው?

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ። አንድ ባጃጅ ዳር ይዞ ይቆማል።]

ተራኪ፦ ሹፌሩ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው። እጇን ያነሳችው ሴት ልጅ አዝላለች፤ ሻሿ እስከ ግንባሯ ወርዷል፣ ዕድሜዋን መገመት ያስቸግራል። «ወዴት ነው?» አላት። «ወዴት ልትሄጂ ነው?» አላለም፤ «ወዴት ሊሄዱ ነው?»ም አላለም።

በአማርኛ ሰውን ሳይመዝኑ ማናገር ከባድ ነው። ታላቅ ነው ታናሽ፣ ወንድ ነው ሴት? ግሱ ይህን ሳያውቅ አይጨረስም።

[በስክሪን ላይ፦ ግባ፣ ግቢ፣ ግቡ፣ ይግቡ]

«ግባ» ለወንድ፣ «ግቢ» ለሴት፣ «ግቡ» ለብዙዎች። «ይግቡ» ደግሞ ለአንድ የተከበረ ሰው። ይህችን የመጨረሻዋን ልብ ብላችሁ ስሟት፤ ትእዛዝነቷ ጠፍቷል። «እንግዶቹ ይግቡ» ስንልም የምንጠቀመው እሷኑ ነው። ፊታችን የቆሙትን ሰው እንደ ሩቅ፣ ያውም እንደ ብዙ ሰው እያናገርናቸው ነው። ከጓዳ ሆኖ «መጡ!» ሲባል የሰማ ሰው፣ አንድ አዛውንት ይሁኑ አሥር እንግዳ፣ ወጥቶ ሳያይ አያውቅም።

አክብሮቱ ግሱ ውስጥ ስላለ «እባክህ» ብዙ አያስፈልገንም። ሲበዛማ ልመና ይመስላል፤ አንዳንዴም ንጭንጭ።

[ምስል፦ ስልክ ይጠራል፤ ቁጥሩ አይታወቅም።]

ታዲያ የሰውየው ማንነት ካልታወቀስ? «ማን ልበል?» እንላለን። ማን ነህ፣ ማን ነሽ፣ ማን ነዎት ሁሉም ቀርተው ግሱ ወደ ራሳችን ዞረ። ጣና ዳር ያለው የአሳ ቤት አስተናጋጅም «ምን ልታዘዝ?» ይላል፤ ሂሳቡ ላይ ደግሞ «ተከፍሏል?»። ከፋዩ ማን እንደሆነ ግሱ አይናገርም። ለእኔ የከተማ አማርኛ ብልሃት እዚህ ጋ ነው፤ የባለባጃጁም «ወዴት ነው?» ከዚሁ ወገን ነው።

ምክንያቱም ስህተቱ በሁለቱም በኩል ያስቀይማል። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ካፌ ውስጥ «እርስዎ» ስትባል «ኧረ አታስረጂኝ!» ትላለች። ይህችው ሴት በሥራ ሰዓት መስኮቷ ላይ በማታውቀው ባለጉዳይ «አንቺ» ብትባል ግን ግንባሯ ይቋጠራል። ወንበሩ ዕድሜ ይጨምራል መሰለኝ።

የጎረምሶቹን ቋንቋም ስሙት። «ማዘር፣ ጠጋ ይበሉ!» ይላል ረዳቱ። መጠሪያው ከውጭ ቢመጣም ግሱ ያው የጥንቱ ነው። «ብሮ» ካለ ግን «ጠጋ በል» ነው።

[ምስል፦ ጀልባ ወደ ዘጌ ያመራል፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት።]

አሁን የሚገርመው። አንዲት እናት ከመነኩሴው ፊት ጎንበስ ብላ «አባ፣ ይፍቱኝ» ትላለች። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሏታል። ወደ ውስጥ ዘልቃ ሥዕሉ ፊት ስትቆም ግን «እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ትላለች። ፈጣሪዋንም «አንተ» ነው የምትለው። ለመነኩሴው «እርስዎ»፣ ለሚያመልኩት አምላክ «አንተ»! እንዲያውም «ጌታዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ የሚጸልይ ብንሰማ ሳቃችን ያመልጠን ነበር። «አንተ» ንቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ በጸሎት ውስጥ ቦታ ባልነበረው፤ ቅርበትም ነው።

[ምስል፦ የመኖሪያ ግቢ፤ ቡና እየተፈላ ነው።]

ለከተማው እንግዳ ከሆናችሁ በ«እርስዎ» ጀምሩ፤ ከገጠር ከመጡ ሰዎች «አንቱ»ም ትሰማላችሁ። ወደ «አንተ» የማውረዱ ፈቃድ የታላቁ ነው። «አንተ በለኝ» ተብሎም ምላሱ የሚተሳሰርበት ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መካከለኛ መንገድ ይፈልጋል፦ «ጋሼ፣ ና ቡና ደርሷል!» መጠሪያው ለታላቅ፣ ግሱ ለእኩያ።