ከቤተ ክርስቲያኔ አልወጣሁም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ጌይ ሆነህ እንዴት ካቶሊክ ትሆናለህ? ለምን ትተኸው አትወጣም?» ዛሬ ስለሱ ላውራ።

አልወጣም። መሄጃ አጥቼ አይደለም። እዚህ ለንደን እንደኔ ያለውን ሰው በደስታ የሚቀበሉ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አሉ። እኔ ግን በቅዱስ ቁርባን አምናለሁ። በዚያ መሠዊያ ላይ ያለው ክርስቶስ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ያስተማረችኝ ይቺ ቤተ ክርስቲያን ናት። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቤተሰቦቼ ጉራጌ ውስጥ ያለችው የእምድብር ሰዎች ናቸው። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። የኢትዮጵያ ካቶሊክ የሆነ ሰው የምለው ወዲያው ይገባዋል። የምንቀድሰው በግዕዝ ነው፤ ከበሮውም ጽናጽሉም አለን። ሰፈር ውስጥ ግን «የፈረንጅ ሃይማኖት» ነው የምንባለው። እርግጥ የኋላ ታሪክ አለው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊክነት በአዋጅ ሲጫን ብዙ ደም ፈሷል፣ በኋላም አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ማኅበር ከአገር አባረዋል። ያ ቁስል ቶሎ አልሻረም። እማዬ ደግሞ የብፁዕ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ ትነግረኝ ነበር። መነኩሴ ነበሩ። ካቶሊክ በመሆናቸው ታስረው፣ ተገርፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ አረፉ። እምነትህን ካድ ቢሏቸው እምቢ አሉ።

ስለዚህ «አንተ ከኛ አይደለህም» መባል ለኔ አዲስ አልነበረም። ከውጭ ሲመጣ እችለው ነበር። ያቃተኝ ከውስጥ ሲመጣ ነው።

በወጣትነቴ ለአንድ ካህን በኑዛዜ ተናገርኩ። የሠራሁት ነገር አልነበረም። ምን እንደሚሰማኝ ብቻ ነው የነገርኳቸው። «ይሄን ለማንም እንዳትናገር፣ እስኪለቅህም እንዳትቆርብ» አሉኝ። እኔም ጠበቅኩ። የሚለቅ ነገር አልነበረም። ቅዳሴ እሄዳለሁ፣ ሰው ሊቆርብ ሲነሳ እኔ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ። ለዓመታት እንዲህ ነበርኩ። እማዬ ግን ታይ ነበር።

ለንደን ከመጣሁ በኋላ አንድ ወዳጄ ሜይፌር ወዳለው ፋርም ስትሪት ወሰደኝ። የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1849 የተከፈተ። አዎ፣ አፄ ፋሲል ያባረሯቸው ያው ማኅበር! የጌይ ካቶሊኮች ማኅበረሰብ ቀድሞ ሶሆ ውስጥ ዋሪክ ስትሪት ባለው ቤተ ክርስቲያን የራሱ ቅዳሴ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዌስትሚንስተሩ ሊቀ ጳጳሳት ቪንሰንት ኒኮልስ ያ ቅዳሴ እንዲቆምና ሰዎቹ ወደ ፋርም ስትሪት እንዲሄዱ ወሰኑ። ያኔ ያዘኑ ብዙ ነበሩ። ቤታችንን ተቀማን ያሉም አሉ፣ ሐዘናቸው ይገባኛል። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ ውሳኔ በኋላ የተፈጠረው ነገር ነው። ማኅበረሰቡ በየወሩ ሁለተኛውና አራተኛው እሑድ ማታ ይመጣል። ቅዳሴው የቁምስናው፣ ማለትም የአጥቢያው፣ መደበኛ ቅዳሴ ነው። ከጎኔ የምትቀመጠው ሴትዮ መቁጠሪያዋን ይዛ የመጣች የሰፈሩ ሰው ናት። ከፊት ልጆቻቸውን የያዙ ባልና ሚስት አሉ። ሁላችንም አንድ ሰልፍ ይዘን እንቆርባለን። ከዚያ ሻይ አለ።

እዚያ ከአንድ ካህን ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገርኩ፣ ተናዘዝኩም። መቁረብ ጀመርኩ። አሁን ንባብ አነባለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ወንበር አነሳለሁ፣ ኩባያ አጥባለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቤተኛ መሆኔ የተሰማኝ ያኔ ነው። ስቀር «የት ጠፋህ?» የሚለኝ ሰው አለ።

ችግሩ ሁሉ ተፈቷል ማለቴ አይደለም። ትምህርተ ክርስቶስ የሚባለው የቤተ ክርስቲያናችን የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፍ፣ ቁጥር 2358፣ እንደኔ ያሉ ሰዎችን በአክብሮትና በርኅራኄ ተቀበሏቸው ይላል። ያለ አግባብ መድልዎ አይፈጸምባቸው ይላል። ያው ቁጥር ዝንባሌውን ከሥርዓት የወጣ ይለዋል። ሁለቱንም አንብቤያለሁ። ሁለተኛው ዛሬም ያመኛል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 «ግብረ ሰዶማዊ መሆን ወንጀል አይደለም» ሲሉ ስልኬን ይዤ አለቀስኩ፤ አገሬ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል የሚያደርግ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 አለና። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ካህናት የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ከሥርዓተ አምልኮ ውጭ ሊባርኩ እንደሚችሉ ቫቲካን ፈቀደች። ወር ሳይሞላ የአፍሪካ ጳጳሳት በጉባኤያቸው መሪ በካርዲናል አምቦንጎ በኩል እኛ ጋ ይህ አይሆንም አሉ። የኔ ጳጳሳት ናቸው። ጸሎታቸውን እፈልጋለሁ፤ ሐዘኔንም እንዲሰሙ እፈልጋለሁ።

አዲስ አበባ፣ እምድብር፣ አዲግራት ሆናችሁ የምትሰሙኝ፣ ውጡና ተናገሩ አልላችሁም። እኔ ያለኝ ጥበቃ እናንተ ጋ የለም። ደኅንነታችሁ ይቀድማል። ግን በጥምቀት የተሰጣችሁን ማንም ሊወስደው አይችልም። ጸሎታችሁን አታቋርጡ። የሚሰማ ካህን አለ፤ ቀስ ብላችሁ፣ ተጠንቅቃችሁ ፈልጉ።

እኔም ያልጨረስኩት ነገር አለ። የአማርኛ መዝሙር ስለሚናፍቀኝ እዚህ ካሉ የአገሬ ካቶሊኮች ጋር አልፎ አልፎ አስቀድሳለሁ። እዚያ ማንም ስለኔ አያውቅም። እማዬ ግን ታውቃለች፤ ነግሬያታለሁ። ብዙ አላወራችም፤ በየእሑዱ ስትደውል ግን «ቆረብክ ወይ ልጄ?» ትለኛለች። መልሼ መቁረቤ ለሷ ምን እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ክፍል እሷ ከፈቀደችልኝ አብረን እናወራለን። ገና እየለመንኳት ነው። እስከዚያው ደኅና ሁኑልኝ።