«የቱ?»

ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ። ከባሕር ዳር ተመልሻለሁ፤ ታንኳ ላይ ወጣህ ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝም መልሱ የምታውቁት ነው፤ ዘንድሮም አልወጣሁም።

ከተመለስኩ ጀምሮ ግን አንዲት ቃል አልለቅ ብላኛለች። ጣና ዳር መረባቸውን ይጠግኑ የነበሩ በሐይቁ ዙሪያ ከሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ አንድ አዛውንት «አባባ፣ ዓሣው ቀንሷል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ከመረቡ ቀና ሳይሉ «የቱ?» አሉኝ። እኔ ዓሣ ስል ተጠብሶ የሚቀርብልኝን ማለቴ ነበር። እርሳቸው ዘንድ ግን ቆረሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ነጭ ዓሣ አለ፤ ነጭ ዓሣ የሚባለውም ቢሆን በአፉና በአካሉ ቅርጽ የሚለያዩ፣ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ከ10 በላይ ዝርያዎች የሚጠሩበት የጋራ ስም ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለውን መልስ አስቀድሜ ይዤ ነበር የሄድኩት። እርሳቸው ያወሩልኝ ስለ ክረምቱ ነው። ብዙ ዓይነት ነጭ ዓሣ በክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ጣና የሚገቡበት ቦታ ላይ ተሰብስቦ ወንዙ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ከዚያም ሽቅብ ወጥቶ ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ዝናቡ ሲዘገይ ዓሣው እዚያው ይከርማል፤ መረብም የሚጣለው እዚያው ነው። «ዝናቡ ይዘገያል፤ እኛ አንዘገይም» ሲሉኝ ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም።

እንግዲህ ጥፋቱ የዝናቡ ነው ወይስ የመረቡ? ጠጠሩን የሚያለብሰው ደለል፣ ወንዙን በበጋ የሚመጥጠው የመስኖ ፓምፕ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ዳርቻውን የወረረው እምቦጭስ? ሁሉም ተደራርበዋል እንዳልል፣ ይህ አነጋገር ማንንም የማይጠይቅ ሆኖ ይሰማኛል፤ ሰማዩን ብቻ እንዳልከስ ደግሞ፣ መረቡ የእርሳቸው እንጀራ ነው። ለነገሩ ምሳዬን ዓሣ በልቼ ነው የተመለስኩት።

ከመለያየታችን በፊት ለብዙ ዓመታት መረባቸው ውስጥ ያላዩትን የአንድ ዓሣ ስም ነግረውኝ ነበር። በመቅረጫው ይዤዋለሁ ብዬ አልጻፍኩትም። ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት፤ ልክ ስሙ ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ድምፃቸውን ይውጠዋል፤ የመጀመሪያው ፊደል «ግ» ይመስለኛል፣ ወይም ደግሞ…