ምሥራች ሲነገረን

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ወደ ዛሬው ክፍል በደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን በአእምሮዬ ሲመላለስ የከረመ ሐሳብ አለና እሱን ላጫውታችሁ።

ስለ ደስታ ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናነሳው ትልልቁን ነው። ሠርግ፣ ምረቃ፣ የልጅ መወለድ፣ አዲስ ሥራ። እነዚህን ብትደምሯቸው ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስንት ቀን ይሆናሉ? የቀረው ሁሉ ተራ ቀን ነው። ተነስቶ ፊት መታጠብ፣ ሥራ መሄድ፣ ዕቃ ማጣጠብ፣ ስልክ ሲጮህ ማንሳት። ዕድሜያችን የሚያልቀው እዚያ ውስጥ ነው። ታዲያ ጉጉትና ደስታ ከዚያ ከጠፋ ከየት ሊመጣ ነው?

ለምን እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰው ይለምዳል። መልመድ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሐዘንን የምንችለው፣ ከባድ ለውጥን ተሸክመን የምንቆመው ስለምንለምድ ነው። ጣጣው ጥሩውንም መልመዳችን ነው። ስንመኘው የኖርነው ቤት ከገባንበት በኋላ ግድግዳና ጣሪያ ይሆናል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያሉት አባቶች ይህንን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በዚህ ላይ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ብሪክማንና ሁለት ባልደረቦቹ ያሳተሙት ነው። ትልቅ የሎተሪ ዕጣ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጸሩ። ሰዉ ከዚህ ጥናት የሚጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ዕጣዎቹ ከሌላው ያን ያህል የበለጠ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም የሚለውን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላኛው ውጤት ነው። ቁርስ መብላት፣ ከጓደኛ ጋር መጫወት፣ ጥሩ ቀልድ መስማት፣ መሞገስ፣ መጽሔት ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስደስታቸው ተጠይቀው ነበር። ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ከእነዚህ ተራ ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።

በእርግጥ የተጠየቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከዚያ ወዲህ በስዊድን በብዙ ባለ ዕጣዎች ላይ የተሠራ ሰፊ ጥናት ገንዘቡ ለዓመታት የሚዘልቅ የሕይወት እርካታ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ ገንዘብ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፤ ችግር ላይ ላለ ሰው እንዲህ ብሎ መናገር ደግሞ ነውር ነው። እኔ የማነሳው ያንን የቁርስና የቀልድ ነገር ነው። ትልቁን ብቻ ስንጠብቅ ትንሹ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛው ነገር መራቅ ነው። ጆርዲ ኩዋድባክና ኤልዛቤት ደን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ ሰዎችን ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ለአንድ ሳምንት ቸኮሌት እንዳይነካ፣ ሌላው እንዳሻው እንዲበላ፣ ሦስተኛው በልማዱ እንዲቀጥል ተነገረው። ከሳምንት በኋላ ቸኮሌት ሲቀመስ ከሁሉም አብልጦ ያጣጣመው ሲከለከል የሰነበተው ቡድን ሆነ። ይህን ለመረዳት ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። ሁልጊዜ የሚጫወት ሙዚቃ አይሰማም። ቆም ተብሎ ሲመለሱበት ግን ልብ ይነካል።

ሁለተኛው ልብ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ብዙ ብሏል፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። ልብስ መተኮስ እወዳለሁ። ሸሚዝ ከሆነ ከአንገትጌው እጀምራለሁ። ትንሽ ውሃ እረጭበትና ካውያውን ሳሳርፍበት ቺስ ይላል። ሞቅ ያለ የንጹሕ ጨርቅ ሽታ ፊቴን ይመታኛል። ከካውያው ፊት ያለው ጨርቅ የተጨማደደ ነው፣ ከኋላው ያለው ልሙጥ። እጅጌው ላይ ስደርስ ስፌቱን ከስፌቱ ጋር አጋጥሜ በመዳፌ ጠፍ ጠፍ አደርገዋለሁ። ቴሌቪዥን እያየሁ ስተኩስ ይህ ሁሉ የለም፤ ያኔ የሚገላገሉት ሥራ ብቻ ነው። ጆሮዬንና አፍንጫዬን ይዤ ስተኩስ ግን አንዲት ሸሚዝ ታስደስተኛለች። ይኼን ስል የምሬን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ዛሬ ማይክራፎን ፊት ያስቀመጠኝ እሱ ነውና።

ደስታ በብዛት የሚሞተው በመልመድ ብቻ አይመስለኝም። አፍነን ስለምናስቀረውም ነው። ትልቅ ሰው ስንሆን የሆነ ነገር ይዞን ይመጣል። መፈንደቅ ያሳፍረናል። "ምን ያስፈነድቀዋል?" እንዳንባል፣ ሰው እንዳይቀናብን፣ ነገሩ ቢበላሽ እንዳናፍር፣ ጥሩ ነገር ሲገጥመን ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። "አለ፣ ደህና ነው" ብለን እናልፈዋለን። ልጅ ግን አይተን እናውቅ የለ? ቀስተ ደመና ያየ ልጅ ሰው ሳይጠራ አይቆምም። "ኑ፣ እዩ!" ይላል። ያየው ነገር ሌላ ሰው ካላየው የጎደለበት ይመስለዋል። እኔ ልጁ ልክ ነው ባይ ነኝ።

ሼሊ ጌብል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመችው ጥናት ይህንኑ ይደግፋል። ሰዎች የገጠማቸውን ጥሩ ነገር ለሌላ ሰው በተናገሩባቸው ቀናት የሚሰማቸው ደስታ ነገሩ ራሱ ከሚሰጠው በላይ ነበር። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የሚሰማው ሰው እንዴት ይቀበለዋል?

አቀባበሉን በአራት ይከፍሉታል። አንድ ሰው "የሥራ ዕድገት አገኘሁ!" አላችሁ እንበል። አንዱ ሰው ፊቱ በርቶ "እሰይ! እንዴት ነገሩህ? አንተስ ምን አልክ?" ይላል። ሌላው ስልኩን እያየ "ጎሽ፣ ጥሩ ነው" ይላል። ሦስተኛው ወዲያው እንከን ይፈልጋል፤ "ሥራው አይበዛብህም? ቤተሰብህን መቼ ልታይ ነው?" አራተኛው ጭራሽ ወሬ ይለውጣል። ከአራቱ ወዳጅነትን የሚያጠነክረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የሚያስደነግጠኝ ሁለተኛው ነው። ክፋት የለበትም፣ ቃሉም መልካም ነው፤ ነገር ግን ምሥራቹን ይዞ የመጣው ሰው ደስታው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ተቸልሶበት ይመለሳል። ሦስተኛውን የምናደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለምንወድ ነው፤ ስለምንሰጋ። ስጋቱ ነገም ይደርሳል።

ጌብል ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመችው የጥንዶች ጥናት የደረሰችበትም ይገርመኛል። የግንኙነታቸውን ጤና ይበልጥ የሚያሳየው አንዱ የሌላውን ችግር እንዴት እንደሚሰማ ሳይሆን ምሥራቹን እንዴት እንደሚቀበል ሆኖ ተገኘ። እኛ ግን ወዳጅነትን የምንለካው በችግር ቀን ነው። ለሐዘን እንደርሳለን፣ ለሕመም እንደርሳለን፤ መድረስም አለብን። ለደስታስ?

ታላቅ እህቴ በዚህ የተካነች ናት። ጥሩ ነገር ልነግራት ስጀምር የያዘችውን ታስቀምጣለች። ቢላ ይሁን ስልክ፣ ጠረጴዛው ላይ ታደርገውና ወንበሯን ወደ እኔ ታዞራለች። "ቆይ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" ትላለች። ስነግራት ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። መሐል ላይ "እና እሱ ምን አለሽ?" ትላለች። "እሱን ስትሰሚ ምን ላይ ነበርሽ? ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ?" ይህቺን ጥያቄ በጣም ነው የምወድላት፤ ወደ ሰዓቱ መልሳ ትወስደኛለች። ተናግሬ ስጨርስ ነገሩ ስጀምር ከነበረው ትልቅ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከሳምንት በኋላም ደውላ "ያ ነገርሽስ?" ትላለች። ለእሷ መንገር ስለምወድ በቀን ውስጥ የምነግራት ነገር መፈለግ ጀምሬያለሁ። ይህ ነው እኔን ያስገረመኝ። ዓይኔን የከፈተችልኝ መክራኝ አይደለም። የሚቀበለኝ ሰው ስላለ ብቻ ቀኑን ሌላ ዓይን ይዤ እወጣለሁ። መንገድ ላይ የሰማሁት ሳቅ፣ የገባኝ ከባድ ሒሳብ፣ የተሳካልኝ ስፌት ሁሉ "ይህንንስ ለእሷ" እያልኩ አኖረዋለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ግን ማለፍ አልፈልግም። የሚሰማኝ ሰው ሐዘን ላይ ካለ ይህ ሁሉ ለእሱ አይደለም፤ ለሐዘንም ጊዜ አለው፣ ማንም ደስ ይበልህ ብሎ ሊያስገድደው አይገባም። ደግሞ ድሮ የሚወደው ነገር ሁሉ ለሳምንታት ጣዕም አልባ የሆነበት፣ ምንም የማያጓጓው ሰው ካለ፣ ይህ የድብርት ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ሸሚዝ በመተኮስ አይድንም። እባካችሁ ለሐኪም ተናገሩ፤ ወዳጃችሁ ከሆነ ደግሞ አብራችሁት ሂዱ።

ለሌሎቻችን ግን አንድ ልመና አለኝ። በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ጥሩ ነገር ይነግራችኋል። ትንሽ ይሆናል፤ ልጁ ጫማውን ራሱ ማሰር ቻለ፣ የጠፋበትን ቁልፍ አገኘ፣ ያጣው እንቅልፍ ተመለሰለት። የያዛችሁትን አስቀምጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ምክር ሳይሆን ጥያቄ። ከዚያ ደግሞ የራሳችሁን ንገሩት፣ ድምፃችሁን ዝቅ ሳታደርጉ።

እኔም አሁን ይህን ቀድቼ እንደጨረስኩ እህቴ ጋ ልደውል ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ያኖርኩላት ወሬ አለ። በሚቀጥለው ክፍል እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።