ደግሞ የሚደወልለት ቤዚስት

እንደምን አመሻችሁ።

ቤዝ ተጫዋች ማይክ ይዞ ሰው ፊት ሲቆም ብዙ ጊዜ አታዩም። ቦታችን ከድራመሩ አጠገብ፣ ከመብራቱ ፈንጠር ብሎ ነው። ስለዚህ የተሰጠኝን ሰዓት እንዳላባክን ጽፌ መጥቻለሁ። ከተማሪዎቹ ጋር ወላጆችም እንደመጣችሁ ነግረውኛል። ለእናንተ በአጭሩ፦ ቤዝ ማለት ልጃችሁ ማታ ሲለማመድ የቡፌውን ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጠው ባለ አራት ክር ጊታር ነው።

የቀረበልኝ ጥያቄ «ጥሩ ፕሮፌሽናል ቤዚስት የሚያሰኘው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ወጣቶችን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ይታወቃል። ፍጥነት፣ ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት መምታት)፣ ሶሎ፣ ባለ ስድስት ክር ቤዝ። ዩቲዩብ ላይ የሚታየው እሱ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ጣት ማፍታታትም አይጠላም። እኔ ግን አንድ መለኪያ ብቻ ነው ያለኝ። ሥራው አልቆ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ያ ሰው ለሚቀጥለው ሥራ ይደወልለታል ወይስ አይደወልለትም?

ለምን እንደሚደወልለት ድምፃዊውን ብትጠይቁት አጥጋቢ መልስ ላይሰጣችሁ ይችላል። «ከእሱ ጋር ስሠራ ይቀለኛል» ይላችኋል። ድራመሩም እንደዚያው፣ ኪቦርዲስቱም እንደዚያው። የጥሩ ቤዚስት ሥራ የሚታየው ሌሎቹ ላይ ነው። ታዲያ ይሄ ቅለት ከየት ይመጣል? ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው።

ብዙ ከማይወራበት ልጀምር። ኖታው የሚያልቅበት ቦታ።

ሁላችንም ኖታ የት እንደሚጀምር እንማራለን። ከኪኩ ጋር፣ በእግር ከሚመታው ትልቁ ከበሮ ጋር፣ አሳርፉ እንባላለን፤ እናሳርፋለን። መቼ ይቁም የሚለውን ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። እስከሚቀጥለው ምት ድረስ ትጎትቱታላችሁ? ስኔሩ፣ በዱላ የሚመታው ትንሹ ከበሮ፣ ሲመታ ትቆርጡታላችሁ? ወይስ ከዚያም በፊት? ኖታው አንድ ነው፣ ፍጥነቱም አንድ ነው፤ ስሜቱ ግን ለየቅል። ቶሎ የሚቆረጠው ያስጨፍራል። የሚጎተተው ያስተክዛል። ሳያቋርጥ የሚያጎርፍ ተጫዋች ደግሞ ድራመሩ የተወውን ክፍተት ሁሉ ይሞላበታል። ድራመሩ ሳይታወቀው ጉልበት ጨምሮ መምታት ይጀምራል። ጊታሪስቱ ድምፅ ይጨምራል። ድምፃዊው ይጮሃል፤ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ድምፁ ይዘጋል። በመጨረሻ የሚወቀሰው ሳውንድ ማኑ ነው።

ነገሩ የፊዚክስም ጉዳይ አለበት። ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የዚያ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። እንዲህ ያለው ድምፅ እብነ በረድ ወለልና መስታወት ያለው የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ይቆያል። እናንተ ኖታውን ብታቆሙትም ክፍሉ ገና አላቆመም። እዚያ ውስጥ ረጅም ኖታ የሚጫወት ሰው አንዱን ኖታ በሌላው ላይ እየደረበ ነው።

ድንኳን ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ሸራ ወፍራም ድምፅ አይዝም፤ ያስወጣዋል። የትናንቱን አጭር ኖታ እዚያ ብትደግሙት ሙዚቃው ይደርቃል። ቅዳሜ ሆቴል፣ እሑድ ድንኳን የሚሠራ ቤዚስት ያንኑ ዘፈን ሁለት ዓይነት አድርጎ መጫወት አለበት። ሳውንድ ቼክ ላይ አምፑን ከመነካካቱ በፊት አንድ ኖታ መትቶ፣ ቆርጦ፣ ክፍሉ ምን እንደሚመልስለት የሚያዳምጥ ልጅ ካየሁ ስልክ ቁጥሩን እቀበለዋለሁ።

እንዴት ትለማመዱታላችሁ? ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ላይ አድርጉና አንድ ኖታ ብቻ ያዙ። አንዴ ሙሉ ምት፣ አንዴ ግማሽ፣ አንዴ ሩብ። የምታቆሙት በግራ እጅ ነው፤ ጣታችሁ ክሩን አይለቅም፣ መጫኑን ብቻ ያቆማል። አሰልቺ ነው። ወላጆች፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

ደግሞ በስልክ ስፒከር ሙዚቃ እየሰሙ ቤዝ ማጥናት አይቻልም። ያቺ ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አታወጣውም፤ የምትሰሙት ከላይ የተረፈውን ነው። ደህና ኢርፎን ግዙ። ከአዲስ ፔዳል ይልቅ እሱ ይጠቅማችኋል።

ወደ ምት እንምጣ። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ነው የሚጻፈው። ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ለሁለት ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ለሦስትም ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። ሁለቱም እዚያው ውስጥ አለ። ከበሮው አንዱን ይዞ ሳለ ጭብጨባው ወይም ዜማው ወደ ሌላው ሊስብ ይችላል። ለእኔ ትከሻ የሚነቀንቀው ይሄ መሳሳብ ነው። ቤዚስቱ ሁለቱንም እኔ ልጫወተው ካለ መሳሳቡ ይጠፋል። አንዱን መርጦ መቆም አለበት። በእኔ እምነት የሚያዋጣው ሁለቱን ትልልቅ ምቶች ይዞ መቆየትና የሦስቱን ቆጠራ ለመሸጋገሪያ ማስቀመጥ ነው። በዚህ የማይስማሙ ጎበዝ ቤዚስቶች አሉ፤ እንደተከራከርን አለን።

የጉራጊኛው፣ የትግርኛው፣ የኦሮምኛው ምት ደግሞ የየራሱ ነው። ችክችካን አፍጥኖ «ይኸው ጉራጊኛ» የሚል ሰው ሠርግ ላይ ይጋለጣል። ጨፋሪው ያውቃላ! የጨፋሪውን እግር እያየ መጫወት የሚችል ቤዚስት ሌላ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ቅኝት ላይ ስንመጣ ከመጻሕፍቱ ጋር አብሮ የገባ አንድ ልማድ አለ። ለጀማሪ ቤዝ ተጫዋች መጀመሪያ የሚሰጠው ትምህርት «ሥሩንና አምስተኛውን ተጫወት» የሚል ነው። ሥሩ ሲ ከሆነ ሲና ጂ ማለት ነው። ትዝታ ላይ ይሠራል። ባቲ ላይም ይሠራል። አንቺ ሆዬ ላይ ስትደርሱ ግን ወጥመድ ነው። አንቺ ሆዬን ከሲ ብትነሱ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ጂ የሚባል ነገር የለበትም። ጣታችሁ በልማድ ጂ ላይ ሲያርፍ ማሲንቆው ጂ ፍላት ላይ ነው። በግማሽ ቶን ልዩነት ይፋጫሉ። ድምፃዊቷ ዞር ብላ በቁጣ ታያለች፤ የምታየው ግን ኪቦርዲስቱን ነው።

አምባሰል አምስተኛውን ይዟል፣ ሦስተኛው፣ ማለትም ኢ፣ ግን የለውም። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ወደ ኤፍ ለመሸጋገር ብላችሁ በኢ በኩል ብታልፉ ዘፈኑ ለቅጽበት ሌላ አገር ሄዶ ይመለሳል። ታዳሚው ምን እንደሆነ አይነግራችሁም፤ አንድ ነገር እንደጎረበጠው ግን ያውቃል። ስለዚህ ቅኝቱን መጀመሪያ በድምፃችሁ አንጎራጉሩት። ድምፅ የለኝም አትበሉ፤ ማንም አልበም አውጡ አላላችሁም። ማንጎራጎር ያቃታችሁን መስመር ቤዝ ላይ አትንኩት።

አሁን ስለ ሰዎቹ። በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር፣ የሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ፣ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። መሣሪያችን ገና ወጣት ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ሁሉ እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ጄምስ ጄመርሰን ነው። ዲትሮይት ውስጥ ሞታውን የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ የስቱዲዮ ቤዚስት ነበር። በቀኝ እጁ የሚመታው በአንድ ጣት፣ በጠቋሚው ብቻ ነበር። ያ ሁሉ የሚዘል፣ የሚጠማዘዝ መስመር የወጣው ከዚያች ጣት ነው። ስሙ ግን የዓመታት ሥራው ላይ አልተጻፈም። ድምፃዊው ማርቪን ጌይ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው አልበም ላይ ስሙ እስኪሰፍር ድረስ፣ ሕዝቡ እጁን እንጂ ሰውየውን አያውቅም ነበር። በ1983 ሞተ፤ ክብሩ በአብዛኛው የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው።

ጄመርሰንን ያነሳሁት ለሌላም ምክንያት ነው። «ትንሽ ተጫወቱ» የሚለውን የተለመደ ምክር ያፈርሰዋል። ኖታው ብዙ ነው። ነገር ግን ዘፋኙ የሚተነፍስበትን ቦታ ያውቃል። ቃሉ ሲመጣ ይረጋል፤ ቃሉ ሲያልቅ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ኖታ አታብዙ አልላችሁም። ግጥሙን ሳታውቁ ግን ኖታ አታብዙ። የስንኙን ማብቂያ የማያውቅ ቤዚስት ትንሽም ቢጫወት ይረብሻል።

ካሮል ኬይ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጊታሪስት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ቀረጻ ላይ ቤዚስቱ ሳይመጣ ቀረ። ቤዙን አንቺ ያዢው ተባለች። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀረጻዎች ላይ ተጫወተች። ስለ ሰዓት ማክበር ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሮን ካርተርንም ላንሳ፤ የጃዝ ሰው ነው፣ ትልቁን ቋሚ ቤዝ የሚጫወት። ጊነስ እ.ኤ.አ. በ2015 በ2,221 ቀረጻዎች ላይ እንደተጫወተ መዝግቦለታል። ስልኩ ስንት ጊዜ እንደጮኸ እናንተው ገምቱት።

እኛ ቤትስ? አይቤክስንና ኋላ ሮሃ ባንድን ስታዳምጡ ቤዙ ላይ ያለው ጆቫኒ ሪኮ ነው። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሲጫወት ቤዙን የያዘው መላከ ገብሬ ነበር። ሄኖክ ተመስገን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምሮ፣ አሜሪካ ሠርቶ፣ አዲስ አበባ ተመልሶ ልጆች ያስተማረ ቤዚስት ነው። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ሮሃ ካጀባቸው ሥራዎች አንዱን ክፈቱና ለአንድ ጊዜ ድምፃዊውን እርሱት። ቤዙን ብቻ ተከተሉ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ምሽት ቤት የገባ ሰው ሳይነጋ አይወጣም ነበር፤ ሙዚቀኛውም አብሮ ያነጋል። እስኪነጋ የሚጫወት ሰው ጉልበቱን መቆጠብ ግዱ ነው። እኔ በዚያ ዘመን አጨዋወት ውስጥ ይሄ ቁጠባ ይሰማኛል።

ከዚያ ኪቦርድ መጣ። ቤዙን በግራ እጅ፣ ወይም በማሽን መሥራት ረከሰ። ብዙ አልበም ያለ ቤዚስት ተሠራ። አቀናባሪዎቹን አልወቅስም፤ ፕሮዲዩሰሩ ለአንድ ሰው እየከፈለ አምስት ሰው አምጡ ማለት አይቻልም። ለእናንተ ግን የቤት ሥራ ትቶላችኋል። ዛሬ መድረክ ላይ ከምትጫወቷቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ በኪቦርድ ቤዝ የተቀረጹ ናቸው። ኪቦርዱ ከእናንተ ኢ በታች ይወርዳል። ባለ አምስት ክር ቤዝ ከሌላችሁ የቱን ኖታ ወደ ላይ እንደምታነሱት ቤታችሁ ወስናችሁ ኑ፤ መድረክ ላይ አይወሰንም። ሰው የሚያውቀውን መግቢያና ያቺን የምትታወቅ ሐረግ እንዳለች ጠብቁ። የቀረውን እንደ ማሽን ለመጫወት አትጨነቁ፤ የተጠራችሁት ማሽኑ የማይችለውን እንድታደርጉ ነው።

የቀረው የሥራ ጠባይ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልበለው። ድምፃዊ በዕድሜ ድምፁ ይወርዳል፤ በጉንፋንም ይወርዳል። «ግማሽ ቶን አውርዱልኝ» ስትባሉ ፊታችሁን አታጥቁሩ። ያልተያዘ ክር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አጨዋወት ያን ጊዜ ነው ጉድ የሚያፈላው፤ ሁሉንም መስመር ተይዞ በሚመታ ክር መጫወት ልመዱ። ትርፍ ኬብልና ባትሪ ያዙ። የጆሮ መከላከያ ግዙ፤ ሲምባሉ ከጆሯችሁ አንድ ሜትር ላይ ነው። ክፍያ ከመጫወታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ከሠርግ በኋላ ሙሽራም ሚዜም አይገኝም። አንዱ ባንድ ውስጥ የሰማችሁትን ሐሜት ወደ ሌላው አታድርሱ። ልምምድ ላይ ሌላው ሲታረም እናንተ ቤዝ አትነካኩ። ይህቺ የመጨረሻዋ ብቻዋን ሥራ አሳጥታ ታውቃለች።

ወላጆች «በዚህ ሥራ መኖር ይቻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቤዝ በመጫወት ብቻ የሚኖሩ አሉ፤ ብዙ አይደሉም። አብዛኞቻችን ከመጫወት ጋር እናስተምራለን፣ እናቀናብራለን፣ ስቱዲዮ እንሠራለን። ጾም ሲገባ ሠርጉ ይቆማል፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ማስቀመጥ የማይችል ልጅ ችሎታው ምንም ቢሆን ይቸገራል። ልጃችሁን ስለ ኖታ ሳይሆን ስለ ቁጠባ ጠይቁ። ሴት ልጅ ካለቻችሁና ቤዝ ከወደደች ደግሞ አትከልክሏት፤ በከተማችን የሴት ቤዚስት ቁጥር አሁንም ያሳፍራል።

እዚህ ላይ ላቁም። ቀጥሎ የሚጫወተው የተማሪዎቹ ባንድ ሳውንድ ቼክ አልጨረሰም፤ ልጆቹም ከኋላዬ በዓይን እየለመኑኝ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ከዝግጅቱ በኋላ ቤዛችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አምፑ አይነሳም። አመሰግናለሁ።