ለኮራል አኳሪየም ስንት ሊትር ይበቃል?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ላንሳ። ቤቱ ውስጥ ኮራል፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን የባሕር እንስሳ፣ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ስንት ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ይግዛ?

ብዙ ሰው «መጀመሪያ በትንሹ ልሞክረው» ይላል። ለሌላ ነገር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለኮራል ግን አያዋጣም። ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ግን እዚያው ይቀራል። የባሕር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ከ20 ሊትር ላይ አንድ ሊትር ቢተን ጨዉ በኪሎ ወደ 37 ግራም ይጠጋል። ከ200 ሊትር ላይ ያው አንድ ሊትር ቢጎድል ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኮራልን የሚጎዳው ደግሞ ድንገተኛ ለውጥ ነው። ዞአንተስ የሚባለውን አይነት አይታችሁት ከሆነ፣ ሲከፋው አበባ የሚመስለውን አፉን ሰብስቦ ጭብጥ ይላል። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ምን ያህል ደረቅ እንደሆነ ደግሞ ከንፈራችን ያውቀዋል።

መብራትም አለ። በታኅሣሥ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ፓምፑም አብረው ይቆማሉ። ኮራል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋል። ትንሹ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ትልቁ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ፋታ ይሰጣችኋል።

«እንግዲያው 500 ሊትር ልግዛ?» ቆይ፣ አትቸኩል። ልደታ ወይም ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው እንበል። በሳምንት አንድ አስረኛውን ውሃ ብትቀይር 50 ሊትር ነው፤ ሁለት ጀሪካን ተኩል መሆኑ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ሳይጣራ አይገባም፤ ማጣሪያው ራሱ ብዙ ውሃ ይደፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህ ከቤተሰብ ጋር ያጣላል። ክብደቱም ቀላል አይደለም፤ ድንጋዩና መስታወቱ ሳይቆጠር ውሃው ብቻ ከግማሽ ቶን ያልፋል።

ስለዚህ እኔ 200 ሊትር አካባቢ እላለሁ። ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 45 ሳንቲም ቢሆን ደስ ይለኛል። ወደ ላይ ረጅምና ጠባብ የሆነው ሳሎን ውስጥ ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን የምንኖረው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ይህን ነገር እዚህ ከተማ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አየርና ውሃ የሚገናኙት ላይኛው ገጽ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰፊ ገጽ ምረጡ፣ ዓሣ ደግሞ ቀንሱ። ሁለት ክላውንፊሽ ይበቃል። ያ ልጆች የሚወዱት ሰማያዊ ታንግ ሲያድግ 30 ሳንቲም ይደርሳል፤ በ200 ሊትር ውስጥ ማስቀመጥ ግፍ ነው።

200 ሊትሩም ቢሆን ሁሉ ነገሩ ተደምሮ ከ250 ኪሎ አያንስም። መሃል ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ጥግ፣ ቢም (ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ) ያለበት ጋ ይቀመጥ፤ የሕንፃ ባለሙያ አማክሩ። ከትልቁ ባለመግዛታችሁ በተረፈው ብር ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዙ፤ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው።