የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ዩኒቨርስቲ ውስጥ የሪሰርች ፌሎሺፕ ፍለጋ

ጥያቄ፦ ማስተርስ ነው ያለኝ፣ ፖስትዶክ ማመልከት እችላለሁ?

አትችልም ወንድሜ፣ ፖስትዶክ ከፒኤችዲ በኋላ ነው። ሪሰርች አሲስታንት የሚለውን ፈልግ። መስፈርቱን አንብቡ!

ጥያቄ፦ ማስታወቂያውን ሁሌ ካለፈ በኋላ ነው የምሰማው፣ የት ነው የሚወጣው?

ቴሌግራም ላይ ሰው ሼር እስኪያደርግልሽ ስለምትጠብቂ ነዋ። ለአውሮፓ ዩራክሰስ የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ የእንግሊዝ ዩኒቨርስቲዎች ጆብስ ዶት ኤሲ ዶት ዩኬ ላይ ያወጣሉ፣ አለርት ሙይና በኢሜይል ይመጣልሻል። ደግሞ ሁለቱን የፖስትዶክ አይነቶች አትቀላቅሉ፣ አንዱ ፕሮፌሰሩ በጀት ይዞ ሰው የሚቀጥርበት ነው፣ ሌላው አንቺ የራስሽን ፕሮፖዛል ይዘሽ የምትወዳደሪበት። ከሁለተኛው አይነት የጀርመኑ ሃምቦልት ፌሎሺፕ አመቱን ሙሉ ይቀበላል፣ የአውሮፓ ህብረቱ ማሪ ኪዩሪ በአመት አንዴ ነው፣ ሁለቱም ግን ሆስት፣ ማለትም እዛ የሚቀበልሽ ተመራማሪ ወይም ተቋም፣ ሳትይዢ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ ፒኤችዲ ከጨረስኩ 5 አመት ሆነኝ፣ አልፎኛል?

እንደ ፌሎሺፑ ነው። ሃምቦልት ለፖስትዶክ 4 አመት ነው የሚለው፣ ከዛ በላይ ለሆነ ሌላ መስመር አለው። ማሪ ኪዩሪ ከፒኤችዲ በኋላ እስከ 8 አመት የሪሰርች ልምድ ይቀበላል፣ ግን ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ የኖርክበት አገር ላይ ማመልከት አትችልም፣ በዚህች አንድ መስመር ስንት ጎበዝ ፕሮፖዛል ጽፎ ጽፎ ወድቋል መሰለህ። መስፈርቱን አንብቡ ስል እየጨቀጨቅኳችሁ አይደለም። እሺ፣ እየጨቀጨቅኳችሁ ነው።

ጥያቄ፦ አድቫይዘሬ ጊዜ የለኝም ራስህ ጻፈው አለኝ፣ በስሙ ጂሜይል ከፍቼ ሪኮመንዴሽኑን ብልከው ችግር አለው?

አለው እንጂ! ይሄ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ሁሉም ሰው ያደርገዋል ትሉኛላችሁ፣ ሁሉም ስላደረገው ማጭበርበር መሆኑ አይቀርም። አንዴ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ የሶስት ሰዎች ደብዳቤ አንድ አይነት የስፔሊንግ ስህተት ይዞ መጣ፣ ስህተቱ አመልካቹ ሲቪ ላይም ነበር፣ ሳቅን፣ ከዛ ፋይሉን ዘጋነው። ኮሚቴ እኮ ዩኒቨርስቲው ድረ ገጽ ላይ ባለው ኢሜይል ሰውየውን ሊጠይቀው ይችላል፣ እሱ ደግሞ የምን ደብዳቤ ካለ አለቀ። ተቀጥረህ ከተነቃብህ ደግሞ ይባስ፣ ኮንትራቱም ይሄዳል ስምህም ይሄዳል፣ የአንድ ፊልድ ሰዎች ደግሞ ይተዋወቃሉ። ምን ታደርጋለህ? አንድ ገጽ ነጥብ ጻፍለት፣ አብራችሁ ምን እንደሰራችሁ፣ ምን እንዲያነሳልህ እንደምትፈልግ፣ ዴድላይኑ መቼ እንደሆነ፣ ሲቪህን አያይዝ፣ አንድ ወር ቀደም ብለህ ስጠውና በየሳምንቱ በትህትና አስታውሰው። ራሱ አርሞ፣ ራሱ ፈርሞ፣ ከራሱ ኢሜይል ይላከው። እምቢ ካለ ሰው ቀይር፣ ኤግዛሚነርህ አለ፣ አብሮህ ፔፐር ያሳተመ ሰው አለ። ለብዙ ፌሎሺፕ ከአንድ በላይ ሪኮመንዴሽን ይፈለጋል፣ ስንት እንደሆነ የት ይገኛል? መስፈርቱ ላይ!

ጥያቄ፦ ለ150 ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ላክኩ፣ አንድም አልመለሰ።

150ውንም አንድ አይነት ነዋ የላክሽው። አምስት ምረጪ፣ ስራቸውን አንብቢ፣ ከዛ ጻፊ።

ጥያቄ፦ ተመርጠሃል፣ ፕሮሰሲንግ ክፈል አሉኝ፣ ሳላመለክት።

ሳታመለክት ማን መረጠህ? እንዳትከፍል። ፓስፖርት ኮፒ ወይም የባንክ ቁጥር ከሰጠህ ዛሬውኑ ለባንክህ ንገር፣ ፖሊስም ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ መሄድ እችላለሁ? ታክሱስ?

በአገሩ ይለያያል፣ እኔም ጠበቃ አይደለሁም። ኮንትራቱን ሳትፈርሚ የሚቀበልሽን ዩኒቨርስቲ ኢንተርናሽናል ኦፊስ በኢሜይል ጠይቂያቸው፣ ከበድ ካለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ።