ለቁም ነገር የሚመጥን ሳቅ

(በአዲስ አበባ፣ በወመዘክር አዳራሽ ለወጣት ጸሐፌ ተውኔቶችና ተዋንያን የተደረገ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የጥበብ ባለሙያዎች፣ በተለይም የመጀመሪያ ድርሰታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ፈጠራና ስለ ስኬት እንድናገር ስጋበዝ ሦስተኛ ነገር ጨምሬ ለማንሣት ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ እርሱም ሳቅ ነው። ይህን የጠየቅሁት ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ የኖረ አንድ አመለካከት ስላለ ነው። ተስፋ የተጣለበት ወጣት ኮሜዲ ጽፎ ሲያመጣ፣ «ቁም ነገር የምትጽፈው መቼ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም፤ ወላጆች ናቸው፣ መምህራን ናቸው፣ አንዳንዴም የቴአትር ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ከባድ ነገርን እያሳቁ መግለጥ ከድርሰት ሥራ ሁሉ ብዙ ዕውቀትና ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው ብዬ አምናለሁ።

የዘመናዊ ቴአትራችን ታሪክ ራሱ የሚነሣው ከኮሜዲ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ተውኔት በ1913 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ ከተማ ለመድረክ አበቁ። ደራሲው ማን እንደነበሩ ልብ በሉልኝ። በልጅነታቸው ዐድዋ የዘመቱ፣ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ሊወርረን ሲዘጋጅ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለው ሰው የሀገሩን የአስተዳደር ብልሹነት ሊያሳይ በፈለገ ጊዜ አውሬዎችን በመድረክ ላይ አናገረ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ተውኔቱ እንዲታገድ አደረጉ። በዚያን ሰሞን ስለ ስኬት የተጠየቀ ሰው ቢኖር ፋቡላ አልተሳካም ብሎ በመለሰ ነበር፤ ዛሬ ግን የአማርኛ ተውኔትን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ሁሉ ትምህርቱን የሚጀምረው ከእርሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ እፈልጋለሁ፤ እገዳውን እንደ ክብር የሚቆጥሩ ወዳጆች አሉኝ፣ እኔ አልቆጥረውም። እገዳው ቴአትራችንን ዓመታት ወደ ኋላ ያስቀረ ጉዳት ነበር፤ ደራሲውም ቢሆኑ የሚመኙት ተመልካች እንጂ ከልካይ አልነበረም።

ከእርሳቸው በፊት የነበሩት አለቃ ገብረ ሐናም እንዲሁ በግማሽ ብቻ የምናውቃቸው ሰው ናቸው። ቀልዳቸውን ልጅ ዐዋቂው ያውቀዋል፤ እንዲያውም የማንም ቀልድ ባለቤት ሲያጣ ለእርሳቸው ይሰጣል። ይሁን እንጂ አለቃ በጎንደር የታወቁ ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው፣ ደብረ ታቦር ላይ ጸንቶ ዛሬም በየደብሩ ሊቃውንቱ በመቋሚያና በጸናጽል የሚያሸበሽቡበት የተክሌ አቋቋም መነሻው የእርሳቸው ፈጠራ ነው። ሰዎች ቀልዱን አንድ ወገን፣ ሊቅነቱን ሌላ ወገን አድርገው ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ ሁለቱ ከአንድ ችሎታ የመነጩ ይመስለኛል፤ የለመድነው ሥርዓት በሌላ መንገድ ሊሄድ እንደሚችል የማየት ችሎታ ነው። ይህን ችሎታ ደግሞ ሥርዓቱን ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው አያገኘውም። ዜማውን የማያውቅ ሰው አዲስ ሽብሸባ ሊፈጥር አይችልም፤ የሰውን ጭንቅ የማያውቅም በጭንቁ ሊያስቀው አይችልም።

መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ን ሲጽፉ ጠለፋን የሚያህል መከራ የኮሜዲ ጉዳይ ማድረጋቸውን ብቻ አስታውሼ ልለፍ፤ ምክንያቱም በቅርብ ያየሁትን አንድ ሥራ በሰፊው ላነሣላችሁ እፈልጋለሁ።

በአንድ የጽሕፈት ሥልጠና ላይ አንዲት ወጣት አጭር ተውኔት ይዛ መጣች። ባለታሪኩ የጡረታ አበላቸው የተቋረጠባቸው አዛውንት ናቸው። ምክንያቱን ለመጠየቅ ቢሮ ሲሄዱ በሕይወት ስለመኖራቸው ማስረጃ እንዲያመጡ ይነገራቸዋል። በመጀመሪያው ረቂቅ ሠራተኛው ማስቲካ የሚያኝክ፣ ስልኩን የሚነካካ፣ አዛውንቱን ቀና ብሎ የማያይ ነበር። ሲነበብ ተሳቀ፤ ከንባቡ በኋላ ግን ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመርን። ምን እንደጎደለው ተነጋገርንና ልጅቱ ድርሰቷን ይዛ ሄደች።

በሁለተኛው ረቂቅ ሠራተኛው ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አዛውንቱ ሲገቡ ከመቀመጫው ይነሣል፤ «አባባ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ያቀርብላቸዋል፤ ከዘራቸውን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ያስደግፋል፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ይጠይቃል። ከዚያም መዝገቡን ገልጦ አይቶ፣ ከልቡ እያዘነ፣ «አባባ፣ እዚህ ላይ ዐርፈዋል ነው የሚለው» ይላቸዋል። አዛውንቱም ደንግጠው፣ «መቼ?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚህች አንዲት ቃል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ወዲያው ደግሞ ጸጥ አለ። ሠራተኛው ደግ ነው፣ አዛውንቱ ትዕግሥተኛ ናቸው፣ ስሕተቱን የሚያርም ግን በክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው የለም። ከንባቡ በኋላ አንድ የጡረታ ጉዳያቸው ያልተቋጨላቸው ተሳታፊ ተነሥተው የራሳቸውን ታሪክ ነገሩን፤ ውይይቱም እስኪመሽ ቀጠለ።

በሁለቱ ረቂቆች መካከል የተለወጠው ቀልዱ ሳይሆን የጸሐፊዋ አክብሮት ነው። በመጀመሪያው ሠራተኛውን ንቃዋለች፤ በሁለተኛው እንደ ሰው ተመልክታዋለች። ተዋንያንም ይህን ከልምምድ ታውቁታላችሁ። አዛውንቱን የሚጫወተው ተዋናይ «መቼ?» የሚለውን ለማሳቅ ብሎ ከተናገረው ሳቁ ይጠፋል፤ ቀኑን የምር ማወቅ ፈልጎ ሲጠይቅ ግን ተመልካቹ ራሱን መግታት አይችልም። የሳቁን መምጣት እየጠበቀ ቆም የሚል ተዋናይም ብዙውን ጊዜ አያገኘውም።

ይህ ጥበብ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በሠፈራችን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ማታ ማታ የሚሆነውን አስቡት። ለማስተዛዘን የተሰበሰበው ጎረቤት ካርታ ይጫወታል፣ ንፍሮው ይዞራል፣ ከዚያም ሟቹን በደንብ የሚያውቅ አንድ ሰው የሟቹን የእልህ ወይም የቁጠባ ታሪክ ማውራት ይጀምራል። ሐዘንተኛዋ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ ስትል ማንም ነውር ነው አይልም። ያን ታሪክ ለማውራት ግን ሁሉም አይደፍርም፤ የሚፈቀድለት ሟቹን የወደደ ሰው ብቻ ነው። አንድ ጸሐፊ በሕዝብ ሐዘን፣ በኑሮ ውድነት፣ በቤት ችግር ወይም በሕመም ላይ ሳቅ ከመፍጠሩ በፊት ይህ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው። ድሃን ለድህነቱ፣ ገጠሬን ለአነጋገሩ፣ አካል ጉዳተኛን ለአካሉ መሳቂያ የሚያደርጉ ሥራዎች ቲኬት ሲሸጡ ዐይቻለሁ፤ ስኬት ብዬ ልጠራቸው ግን ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች እጠይቃለሁ። እናንተ ወጣቶች፣ የጻፋችሁትን ኮሜዲ ለጓደኞቻችሁ ብቻ አታንብቡ፤ ጉዳዩ ለሚነካቸው ሰዎችም አንብቡላቸው። ስለ ጡረተኛ የጻፈ ለጡረተኞች፣ ስለ ቢሮ የጻፈም በመስኮቱ ወዲያ ለተቀመጡት ሠራተኞች ያንብብ፤ የት ላይ እንደሳቁና የት ላይ ዝም እንዳሉም በረቂቁ ጠርዝ ላይ ይጻፍ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የቴአትር ቤት ኃላፊዎች ደግሞ፣ መድረካችሁ ሥራ በማይበዛበት ቀን አዳዲስ ኮሜዲዎች በተመልካች ፊት የሚነበቡበት ሰዓት ብትመድቡ፣ ደራሲው ድርሰቱን ለምርቃት ከማቅረቡ በፊት የሚያርምበት ዕድል ያገኛል። ለዚህ አልባሳትም፣ የመድረክ ግንባታም፣ ትልቅ በጀትም አያስፈልግም፤ ወንበርና መብራት ይበቃል።

የዛሬ ምሽት አንባቢዎች ድርሰታቸውን ይዘው በፊት ረድፍ ተቀምጠዋልና መድረኩን ለእነርሱ እለቃለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።